ሞኝ፣ ወረቀት እና ቼዝ

ሰው ስልኩ ውስጥ የሚያጭቀው ነገር እንደ ጠባዩ ነው። አንዱ ዘፈን ያጠራቅማል፣ አንዱ ስብከት፣ አንዱ የአንድ ልጁን ፎቶ በየአቅጣጫው። ዋግ፣ ኒሯቅ ውስጥ የሚያስተምር አንድ የሂሳብ መምህር ወዳጄ ግን የሚያጠራቅመው ጨዋታ ነው። ልጆች የሚነካኩት ጌም እንዳይመስላችሁ። ሌሎች ሰዎች ተጫውተው የጨረሱት የቼዝ ጨዋታ ነው፤ ያውም በውድድር ላይ የተደረገ፣ እርምጃ በእርምጃ የተመዘገበ፣ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ አፈር የለበሱ። ሰቆጣ በወጣ ቁጥር ኔትወርክ ደህና የሆነበት ጥግ ፈልጎ ይቆምና በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ ያወርዳል። ከዚያ እሱ ራሱ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። መኪናው ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ነጋዴ ዘይትና ሳሙና ጭኖ ሲመለስ፣ እሱ የቼዝ ሻምፒዮኖቹን ካርፖቭንና ካስፓሮቭን በኪሱ ይዞ ይመለሳል።

እነዚህ ጨዋታዎች ሊገኙ የቻሉት በአንድ ግዴታ ምክንያት ነው። ደንበኛ ውድድር ላይ የተቀመጠ ተጫዋች የራሱንም የተጋጣሚውንም እርምጃ በወረቀት እየጻፈ መጫወት አለበት፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ በሕጉ አስገብቶታል። ስለዚህ ያሸነፈውም የተሸነፈውም፣ የተሳሳተውም ሳይቀር፣ ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ የሥራ መስክ ሌላ አላውቅም። ባለሥልጣን ሁሉ ውሳኔውን ቁጥር በቁጥር እየጻፈ እንዲያስረክብ ቢገደድ አገሩ ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ ሞክሬ ራሴን አመመኝ።

መምህሩ ይህን ሁሉ የሚሸከመው መክፈቻውን ለማሻሻል ነው። መክፈቻ የሚባለው የጨዋታው የመጀመሪያ አሥር፣ አሥራ አምስት እርምጃ ሲሆን፣ ሠራዊቱ ከሰፈሩ ወጥቶ ቦታ ቦታውን የሚይዝበት ነው። የዚህ ነገር ጥናት የቆየ ነው። ሩይ ሎፔዝ የሚባል የስፔን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1561 ስለ ቼዝ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ ድረስ በስሙ የሚጠራው የስፔን መክፈቻ እንዲህ ነው (ፊደልና ቁጥሩ የገበታው ቤት ስም ነው)፦ ነጩ ወታደሩን ኢ4፣ ጥቁሩ ኢ5፤ ነጩ ፈረሱን ኤፍ3፣ ጥቁሩ ፈረሱን ሲ6፤ ከዚያ ነጩ ጳጳሱን ቢ5 ላይ ያስቀምጣል። ቄሱ ለተጫዋቾች ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ግን ገበታው ላይ ምንም አይነካም፤ ተጋጣሚህን ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እንድትገባ አድርገህ አስቀምጠው ይላል። የኒሯቅን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ምክር ከመጽሐፉ ሁሉ የከበደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቤልግሬድ ላይ ‹ኢንፎርማቶር› የሚባል ኅትመት ተጀመረና የታላላቅ ውድድሮችን ጨዋታ እየለቀመ ማውጣት ያዘ። ኋላም እነዚሁ አሳታሚዎች በዓለም ላይ ያለውን መክፈቻ ሁሉ ከኤ00 እስከ ኢ99 በ500 መለያ ሸነሸኑት። የቄስ ሩይ ሎፔዝ መክፈቻ ብቻውን ከሲ60 እስከ ሲ99 አርባ መለያ ይዟል። መምህሩ አርባውንም ባይሆን አብዛኛውን በቃሉ ይወጣዋል።

ችግሩ ያለው ከመምህሩ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሰው ጋ ነው።

ሃምሳ አለቃ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ቼዝ የተማሩት ካምፕ ውስጥ ነው፤ ከማን እንደሆነ አይናገሩም። ሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው ዳስ ጥላ ሥር ገበታው ተዘርግቶ ይውላል። ገበታው የብስኩት ካርቶን ላይ በስክሪብቶ የተሰመረ ነው፤ ጥቁር የሚሆኑት ቤቶች በሰያፍ መስመር ተጭረዋል። ከጥቁሮቹ አንዱ ግንብ ጠፍቶ በምትኩ የቢራ ቆርኪ ገብቷል። ቆርኪው የሃምሳ አለቃ ነው፤ ሁልጊዜ ጥቁር ይዘው ይጫወታሉ፤ ‹‹እኔ መከላከል ነው የተማርኩት›› ይላሉ። አካባቢው ዳማ የለመደ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ቆርኪውን ሲያይ ዳማ መስሎት ይጠጋል፤ ፈረሱን ሲያይ ግራ ይጋባል፤ ግራ ከተጋባ በኋላ ግን አይሄድም፣ ቁጭ ብሎ መምከር ይጀምራል።

መምህሩ ወታደሩን ኢ4 ይገፋል። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን ያስተካክሉና ጥግ ላይ ያለውን የኤ ወታደር አንድ ቤት ያስነሡታል። ኤ6። አለቀ። የቄስ ሩይ ሎፔዝ አርባ መለያ፣ የቤልግሬዱ መጽሐፍ፣ የሰቆጣው ኔትወርክ፣ ሁሉም ገና ሳይጠሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

‹‹ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ እርምጃ እኮ ምንም አይሠራም። መሀሉን ነው መያዝ ያለብዎት።››

‹‹ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል›› አሉት፣ ዓይናቸውን ከገበታው ሳያነሡ።

የታወቀ መክፈቻ ጥሩነቱ እንደ ሰላምታ መሆኑ ነው። እንዴት አደርክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፤ ሁለቱም ሰዎች መልሱን ስለሚያውቁት ሳያስቡ ይፈጥናሉ፣ ጉዳዩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ‹‹እንዴት አደርክ?›› ስትለው ‹‹ለምን ጠየቅኸኝ?›› ቢልህስ? መምህሩ በየቀኑ የሚገጥመው ይህ ነው። ታላላቆቹ የሚመላለሱትን ሰላምታ እስከ አሥራ አምስተኛው ዙር ያውቀዋል፤ ሃምሳ አለቃ ግን በመጀመሪያው ላይ ዘጉት።

ሂሳብ አስተማሪ ነውና ነገሩን በቁጥር ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ገበታው ላይ 400 ዓይነት አቀማመጥ ሊፈጠር ይችላል። ሁለት ሁለት ከተጫወቱ ደግሞ የእርምጃው ቅደም ተከተል 197,281 ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥሩውን ለይቶ ለማወቅ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም፤ ስለዚህ ሌሎች የሄዱበትን ማጥናት ግድ ነው አላቸው። ሃምሳ አለቃ በጥሞና ሰሙት። ሲጨርስ፣ ‹‹ከነዚህ ውስጥ የኔዋ ስንተኛዋ ናት?›› ብለው ጠየቁ። ከዚያ ጨመሩበት፦ ‹‹መምህር፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።››

መምህሩ ተናደደና ታሪክ ጠራ። ለዋግ ሰው የዋግን ታሪክ በምሳሌነት መጥራት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋግ ሹም ጎበዜ፣ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1871 ግን በጣም የበዛ ሠራዊት ይዘው ሳለ አድዋ አጠገብ በበዝብዝ ካሣ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ በሆኑት፣ ድል ሆኑ። ለምን? የካሣ ጦር አነስተኛ ቢሆንም የሠለጠነ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለነበር ነው። ስለዚህ ዝግጅት ከቁጥር፣ ጥናትም ከድፍረት ይበልጣል።

ዳሱ ጸጥ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተመልካቹ ለሁለቱም እኩል ይመክር ነበር። ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው፣ ‹‹ያ የጄኔራል ናፒየር መሣሪያ ነው፣ መክፈቻ አይደለም። እንግሊዞቹ ከመቅደላ ሲመለሱ ጠመንጃና መድፍ ለካሣ ሰጥተውት ሄዱ። አንተ ለኔ መድፍ ስጠኝና አጠናለሁ›› አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመልካቹ ለሃምሳ አለቃ የሚመክረው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣጋ፣ ሆነ። መምህሩ የሌላ አገር ልጅ ስለሆነ ኽምጣጋ አይሰማም። በውድድር ሕግ ተጫዋች ከሰው ምክር መቀበል ክልክል ነው፤ በማይሰማው ቋንቋ የተመከረ ሰው ግን በምን ይከሰሳል?

እዚህ ላይ ለተመልካቹ ልሟገትለት እወዳለሁ፤ የአያት ቅድመ አያት ሥርዓት ነው ያስቀጠለው። ሰንጠረዥ የሚባለው የአገራችን የጥንት ቼዝ በመኳንንት ቤት ሲጫወቱት የኖረ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደርታ፣ አንጣሎ ላይ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ የነበረው ሄንሪ ሶልትና ባልንጀሮቹ የመሰከሩት አንዱ ነገር የጫጫታው ብዛት ነው። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ እርምጃ ላይ ድምፅ አለው፤ የተሻለ ያየ እጁን ሰዶ ዕቃውን ያነሣል። ከዚያ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ የእሱ መጽሐፍ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣው።

ሰንጠረዡ የሚዘረጋው ቀይ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል ይሰፋበታል እንጂ ቤቶቹ ነጭና ጥቁር አይፈራረቁም። ንጉሡ አለ፣ ፈርዝ አለ፣ በጳጳሱ ቦታ ፊል አለ፣ ፈረስ አለ፣ በግንቡ ቦታ ደር አለ፣ በወታደሩ ቦታ መደቅ አለ። ፈርዝ ማለት የዛሬዋ ንግሥት ቦታ ላይ የቆመ ነው፤ ነገር ግን እንደ እሷ ገበታውን አይጠርግም፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። መደቁም ቢሆን ሁለት ቤት መዝለል የለም፤ አንድ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ሠራዊት እስኪገናኙ እንቅልፍ ይወስዳል። አባቶቻችን ለዚህ ያገኙት መላ ወረራ ይባላል፦ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል እየፈጠኑ፣ እጃቸው እንደመራቸው ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በጎን ዓይኑ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። የመጀመሪያው ዕቃ እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ደም ከፈሰሰ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል።

እስቲ ይህን በወረቀት ጻፈው። አንደኛ እርምጃ ብለህ ማን የሄደውን ትጽፋለህ? እሱ ሦስት ሲሄድ አንተ አንድ ብትሄድስ? ‹ወረራ ሆነ፣ ከዚያ ፈረስ በላ› ከማለት በቀር ምን ይጻፋል? በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አስ-ሱሊ የጥንቱን ቼዝ አሰላለፍ ለይቶ በመጽሐፍ አስፍሯል። የኛዎቹ ግን የሚያሰፍሩት አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ጨዋታ አዲስ ትርምስ ነው። መክፈቻ የሚሸመድድ ሰው በዚያ ዘመን አንጣሎ ቢሄድ ሰባተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ጨዋታው ያልቅበት ነበር።

ደግሞም ይህ መላ የኋላ ቀር ነው እንዳይባል ቦቢ ፊሸር አለ። ፊሸር የሶቪየቶችን የቼዝ ጽሑፍ ለማንበብ ሲል ሩሲያኛ የተማረ ሰው ነው። የተመዘገበ ጨዋታ በማጥናት ማን ይስተካከለዋል? እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይኪያቪክ ላይ ስፓስኪን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይኸው ሰው ኋላ መክፈቻ መሸምደድ ጨዋታውን ገደለው ብሎ ምርር አለና፣ በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ አዲስ ሕግ አወጀ፤ ከወታደሮቹ ጀርባ ያሉት ዕቃዎች ጨዋታው ሊጀመር ሲል በዕጣ ይደረደራሉ። 960 ዓይነት አደራደር ይወጣዋል፤ ማንም ሸምድዶ አይዘልቀውም። ፊሸር በሩሲያኛ መጻሕፍት ተራራ በኩል ዞሮ የመጣበትን ቦታ የኛ መኳንንት በቀይ ጨርቅ ላይ ቀድመው ተቀምጠውበታል። ይህን ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም።

ወደ መምህሩ ልመለስ። አንድ ማታ መብራት በጠፋበት በስልኩ ብርሃን ኤ6ን ሲያስስ አንድ ጨዋታ አገኘ። እ.ኤ.አ. 1980፣ ስዊድን፣ ስካራ ከተማ፣ የአውሮፓ የቡድን ሻምፒዮና። ነጭ የያዘው አናቶሊ ካርፖቭ፣ የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን። ጥቁር የያዘው እንግሊዛዊው ቶኒ ማይልስ። ካርፖቭ ወታደሩን ኢ4 ገፋ። ማይልስ ጥጉን ወታደር አንድ ቤት አስነሣው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳቀ ይባላል። ማይልስ አሸነፈ።

መምህሩ ጨዋ ሰው ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ነገራቸው። ሃምሳ አለቃ ሚዛን ላይ ያደረጉትን ስኳር ትተው ወጡ።

‹‹ማይልስ ያልከው ሰውዬ ማዕረጉ ምንድን ነው?››

‹‹ግራንድ ማስተር ነበር።››

‹‹ከሃምሳ አለቃ ይበልጣል?››

መምህሩ ትንሽ አስቦ፣ ‹‹በቼዝ ይበልጣል›› አለ። ሃምሳ አለቃ መልሱን ተቀበሉት፤ ያን ሰሞን ግን ዱቤ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን የተሸነፈበትን እርምጃ ሳያሳዩ አልሸኙም።

እኔ ግን የመምህሩ ጥናት በትክክል የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነው ባይ ነኝ። እስከዚያ ድረስ የጨዋታዎቹን ራስ ብቻ ነበር የሚያጠናው፤ አሥራ አምስተኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ‹መክፈቻው አለቀ› ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። የማይልስን ግን ካርፖቭ እስኪሸነፍ ድረስ ተከተለው፣ ምክንያቱም አላመነም። ሲከተለው ኤ6 ብቻውን እንዳልቆመ አየ። በሚቀጥለው እርምጃ ጎረቤቱ ቢ5 ተገፋ፤ ከኋላው ጳጳሱ ቢ7 ላይ ተቀመጠና ከጥግ ሆኖ የነጩን የመሀል ወታደር ማነጣጠር ጀመረ። የዳሩ ወታደር የተነሣው ለመሀሉ ሲባል ነው። ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከኤ6 በኋላ በሌላው ጥግ ኤች6 ይገፋሉ፣ ቀጥለው ኤ5፣ ከዚያ ቆርኪውን ሊያወጡት ይጣደፋሉ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ብቻ በመሸምደድ ማንም አያገኘውም። ‹ለምን እዚህ አስቀመጠው?› የሚለው ጥያቄ መልሱ ሃያኛው፣ ሃያ አምስተኛው እርምጃ አካባቢ ነው ያለው፤ የማስታወስ ችሎታ የቱንም ያህል ቢጎለብት ያንን ጥያቄ አይተካውም።

ከዚያ ወዲህ ዘዴውን ለወጠ። ጨዋታውን ስልኩ ላይ ይከፍትና ቀጣዩን እርምጃ በአውራ ጣቱ ይሸፍናል፤ ራሱ ይገምታል፤ ከዚያ ጣቱን ያነሣል። ብቻውን ሲሰለቸው ዳሱ ሥር ላለው ተመልካች አመጣው። መጀመሪያ ያሳያቸው የፖል ሞርፊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ፣ ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ የብራንሽዊክ መስፍንና ካውንት ኢዙዋር የሚባሉ ሁለት መኳንንት እየተመካከሩ አንዱን አሜሪካዊ ወጣት የገጠሙበት። ሁለት ሆነው መመካከራቸውን ሲሰማ ተመልካቹ ወዲያው ከእነሱ ጎን ቆመ።

መምህሩ እርምጃዎቹን በካርቶኑ ላይ እየሠራ፣ በየተራው እየቆመ፣ ‹‹ሞርፊ ምን የሄደ ይመስላችኋል?›› ይላል። ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ያልወጣ ዕቃ መጀመሪያ ይውጣ እያለ ሁለት ሦስቴ አገኘው። ቼዝ ነክቶ አያውቅም፤ ‹‹የተኛ ከብት ወተት የለውም›› ነው ያለው። አሥራ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ግን ዳሱ በሙሉ ተሳሳተ። ሞርፊ ንግሥቱን ቢ8 ላይ ወስዶ ለፈረስ አስበላት።

‹‹ቀለጠ!›› አለ አንዱ። ‹‹በነፃ ሰጣት እንዴ?››

ፈረሱ በላት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ግንቡ ዲ8 ገባ፤ ቼክሜት። ከዕቃ ሞርፊ ግንብና ጳጳስ ብቻ ቀርተውታል፤ መኳንንቱ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስና ፈረስ ይዘው ተሸነፉ። መምህሩ ለጭብጨባ ቀና ሲል ፍየል ሻጩ ቆርኪውን አንሥቶ እያገላበጠ፣ መኳንንቱ ይህን ሁሉ ዕቃ ለምን ከሰፈር ሳያወጡ እንዳስቀመጡት ጠየቀ። መክፈቻ ላይ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ዋና መልእክታቸው ይኸው ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ጣልቃ ገብቼ፣ በሰንጠረዥ ሥርዓት በደር፣ ማለትም በግንብ፣ የተሰጠ ማት ክብር እንደሌለው፣ የሚጨበጨብለት በፊል ወይም በመደቅ ሲሆን እንደሆነ ተናገርኩ። ፕላውደን የጻፈው ነው። ሃምሳ አለቃ ደስ አላቸው፤ ሞርፊ በዝረራ አላሸነፈም ማለት ነው አሉ።

አሁን መምህሩ የኒሯቅን ጨዋታ ራሱን መመዝገብ ጀምሯል። ደብተር ገዝቶ፣ አስምሮ፣ ነጭ በግራ፣ ጥቁር በቀኝ አድርጎ እየጻፈ ነው የሚጫወተው። የራሱን ሽንፈት መልሶ ሲያይ መክፈቻው ለምን እንደተበላሸ የሚያውቀው ከካርፖቭ ጨዋታ ይልቅ ከዚያ ደብተር ነው፤ ይህን እሱም ያምናል። የተቸገረው በሌላ ነው። ሃምሳ አለቃ ስማቸው ከነማዕረጋቸው በየገጹ አናት ላይ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ ተጻፈ። ቀጥለው የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች በእርሳስ እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ይህም ሲያከራክር ቆይቶ ሆነ። ከዚያ ተመልካቹ ተነሣ። የሐሙሱን ጨዋታ አሥራ አራተኛ እርምጃ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ለምን ለሃምሳ አለቃ ተጻፈ የሚል አቤቱታ አንድ ወጣት አቀረበ። ሌላው ደግሞ እኔ ቀድሜ በኽምጣጋ ተናግሬዋለሁ አለ፤ ምስክር ተቆጠረ። መምህሩ ሕጉን፣ ፊዴን፣ ውድድርን ጠቀሰ፤ ማንም አልሰማውም። በመጨረሻ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አሰመረ፤ ‹መካሪ› ብሎ ራስጌው ላይ ጻፈበት። ባለፈው ሳምንት ሳየው ከሦስቱ ዓምዶች ቶሎ ቶሎ የሚሞላው እሱ ነበር፤ አንዳንዱ እርምጃ ሦስት መካሪ አለው፣ ቆርኪው የተበላበት እርምጃ ግን ባዶ ነው።